ሴቶቹን ከሥዕሌ ማን አወጣቸው?

ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩት ሰነፍ ስለነበርኩ አይደለም። ወንድሜ እንዲማር አንዳችን ቤት መቅረት አለብን ተባለ፤ ማን ይቅር ብሎ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም። ይህን የማነሳው ለማልቀስ አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት በንዴት ስለሆነ፣ ንዴቱ ዛሬ የጀመረ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። እኔ ዝም ብዬ ስንት ዓመት እንደነቀዝኩ እኔ አውቃለሁ።

ሥዕል የተማርኩት ከጥልፍ ነው። በእኛ ጊዜ አሰላ ውስጥ ያገባች ሴት ሁሉ የትራስ ልብስና የጠረጴዛ ልብስ ትጠልፍ ነበር። ለመጥለፍ ደግሞ መጀመሪያ ጨርቁ ላይ የሚነድፍላት ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ቤቴ በር ላይ ተቀምጬ በእርሳስና በካርቦን ወረቀት ጣዎስ፣ ጽጌረዳ፣ የወይን ዘለላ፣ አፍ ለአፍ የገጠሙ እርግቦች ስነድፍ ልጆቼን አሳደግኩ። አክስቴ በመጣች ቁጥር ትቆጣኝ ነበር።

«ነፍስ ያለው ነገር አትሳዪ። በቂያማ ቀን ነፍስ ስጪው ትባያለሽ።»

«ለጣዎስ ነው የምጠየቀው?»

«በጣዎስ ጀመርሽ፣ ነገ ሰው ላይ ትደርሻለሽ።»

እውነቷን ነበር፤ ደረስኩ። መጀመሪያ ሙሽሮችን፣ ቀጥሎ የጎረቤት ልጆችን፣ ከዚያ ደጄ ላይ አረፍ ብሎ የሚያልፈውን ሁሉ። ባሌ በሕይወት ሳለ ወረቀቶቹን እያየ «ሰው ሁሉ አንቺ ቤት ተቆጥቶ ነው እንዴ የሚመጣው?» ይለኝ ነበር። ፊት ስስል ቁጣ ይቀናኛል፤ ምን ላድርግ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማችን ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የአርሲን የታሪክ ቦታዎች ለልጆች በሥዕል መጽሐፍ አዘጋጃለሁ ብሎ ተነሳ። ታሪኩን እንዲሰበስብ የታዘዘው መምህር ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ከእኔ ቤት አለፍ ብሎ የተከራየ ሰው ነበር። ሚስቱ እኔ የነደፍኩላትን የትራስ ልብስ ጠልፋ ትራሱን አልብሳው ነበርና፣ አንድ ቀን ትራሱን ታቅፎ ደጄ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ይህን ጣዎስ የሳሉት እርስዎ ነዎት?»

«ምን አጠፋ?»

«ኧረ አላጠፋም። ዛፍ መሳል ይችላሉ?»

«ጣዎሱ የቆመው ምን ላይ መሰለህ?»

በዚህ ሁኔታ የመጽሐፍ ሠዓሊ ሆንኩ። በዚያ በጋ ከመምህሩ ጋር ያልገባንበት የለም። በሚኒባስ፣ በባጃጅ፣ መንገዱ ሲያልቅ በጋሪ። እሱ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፤ እኔ እቀመጥና እስላለሁ። ያየኋቸውን ቦታዎች ሁሉ ወድጃቸዋለሁ። ሰዎች ያደረጉባቸውን ግን አልወደድኩም።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ኦጎልቾ ነበር። ከእኛ ከተማ ሲወረድ አገሩ ይሞቃል፣ ሹራብ አውልቆ ጉልበት ላይ ማስቀመጥ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በማሳ መሀል ከሰው ቁመት የሚበልጥ የቆመ ድንጋይ አለ። ማን እንዳቆመው አይታወቅም፤ አንዱ የጀግና መቃብር ነው ይላል፣ ሌላው ሁለት ጎሳ ወሰን ሲካለል የተማማለበት ነው ይላል። ተቀምጬ መሳል ስጀምር አንድ ጎልማሳ አህያውን ድንጋዩ ላይ አሰረና ከጀርባዬ ቆመ። ቀስ በቀስ ሌሎችም መጡ።

«አኮ፣ ምን እየለኩ ነው?» አኮ በእኛ አያት ማለት ነው።

«ድንጋዩን እየሳልኩ ነው።»

«ድንጋይ ምን ይሠራልዎታል? ሥሩ ያለውን ነው እንጂ።»

«ሥሩ ምን አለ?»

«እሱንማ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ካርታው በእጅዎ ነው።»

ወርቅ ፈላጊ አደረጉኝ። መምህሩ ቋንቋው በደንብ ስለማይገባው የሰዎቹን ፊት እያየ ላብ በላብ ሆነ። እኔ ወረቀቱን ለሰውየው ሰጠሁት። «እንካ ካርታውን። ቆፍርና ለእኔም አካፍለኝ።» ሰውየው ወረቀቱን አገላበጠ፣ አስጠግቶ አየ፣ ከዚያ ጮኸ። «ይቺ የእኔ አህያ ናት! ጆሮዋ የተቆረጠው ሁሉ አለ!» ከዚያ በኋላ ሁሉም በየተራ «እኔንም፣ እኔንም» ሆነ።

ሳቅን፤ የተናደድኩት ግን ተነስቼ ድንጋዩን ስዞረው ነው። ከወዲያ በኩል ወርቅ እናገኛለን ያሉ ሰዎች ሥሩን በጥልቀት ቆፍረውታል። ያ ሁሉ ዘመን ቀጥ ብሎ የኖረ ድንጋይ እንደ ሰካራም አዘንብሏል። ጉድጓዱ ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙስና የተቀደደ ጫማ አለ። እንዳዘነበለ ሳልኩት፣ ከነጉድጓዱ። ልጆች ይዩት ብዬ።

ቀጥሎ ኢተያ። አባቶች ተቀምጠው ሕግ አወጡበት የሚባል ትልቅ የኦዳ ዛፍ አለ፤ ሥሩ እንደ በሬ ጀርባ ከመሬት ብቅ ብቅ ያለ። ስንዴው እስከ ግንዱ ድረስ ተዘርቶበታል። ትራክተሩ ሥሮቹን እየከተፈ አርሶታል። ለሚነዳው ልጅ «ለዚህ ዛፍ ትንሽ ቦታ መተው አትችሉም ነበር?» ስለው «እናቴ፣ ጥላው ስንዴውን ያቀጭጭብናል እኮ» አለኝ። ሕግ ከወጣበት ዛፍ ጥላ ሥር ስለ ስንዴ ያዝናል! እሱንም እንዳለ ሳልኩት፣ ከተከተፈው ሥር ጋር።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ግን ከሮቤ በላይ ካለው ምንጭ ነው።

ሮቤ በሚኒባስ ደርሰን፣ ከዚያ በጋሪ ወደ ደጋው ወጣን። ነፋሱ ፊት ይልጣል፤ ገብሱ ገና አልደረሰም ነበር። ምንጩ ከአንድ መንደር በታች፣ ጥቋቁር ድንጋዮች መሀል ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች መምህሩን በክብር ተቀብለው ጥላ ሥር አስቀመጡትና ታሪኩን ነገሩት። ድሮ አንድ ሰው ሚስቱን መታ፤ ሽማግሌዎች ምንጩ ዳር ተሰበሰቡ፣ አስታረቋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቦታው የእርቅ ምንጭ ተባለ። አለቀ። መምህሩ ጻፈ።

እኔም ይህን ሰምቼ ወደ ምንጩ ወረድኩና መሳል ጀመርኩ። ጀሪካን ይዘው የመጡ ሴቶች ከበቡኝ። ሽማግሌዎቹ የነገሩንን ስነግራቸው ተያዩና ሳቁ። አንዷ ጀሪካኗን እየሞላች፣ «አስታረቅን አሉ? እንኳን ሊያስታርቁ ራት አልበሉም ነበር!» አለች። «ውጪና ከላይ ያለችውን አሮጊት ጠይቂ።»

ከላይ ያለችው አሮጊት በሯ ላይ አጎዛ አንጥፋ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ሳታስደግፍ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እኔ ጉልበቴን እየያዝኩ ዳገቱን ስወጣ አየችኝና «አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ» አለችኝ። ልጅ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቼ ነበር።

«የተመታችው እናቴ ናት» አለች። «የተመታችው እኔን ወልዳ፣ ገና ቀነፋዋን ሳትፈታ ነው።»

ቀነፋ አራስ ሴት ግንባሯ ላይ የምታስራት ትንሽ እንጨት ናት። እሷን ያሰረች ሴት እንኳን ልትመታ ክፉ ቃል አይወጣባትም። እኔም አምስት ጊዜ አስሬያለሁ።

«ለምን መታት?»

«እኔ ሴት ሆኜ መጣሁበታ። ከእኔ በፊትም ሁለት ሴቶች ነበሩ።»

ከዚያ እናቷ ምን እንዳደረገች ነገረችኝ። ቀነፋዋን እንዳሰረች፣ ሕፃኗን አቅፋ፣ ሲንቄዋን ይዛ ወጣችና ጮኸች። ሲንቄ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን ቀጥ ያለ በትር ነው። ከብት አይነዱበትም፣ ሰው አይመቱበትም፤ ያገባች ሴት ክብር ነው። የእኔ ከአልጋዬ ራስጌ ቆሟል፤ ወንድ ልጆቼ ቤት ሲጠርጉ እንኳ አይነኩትም። ያ ጩኸት ሲሰማ በእኛ አገር ያገባች ሴት ሁሉ የያዘችውን ጥላ፣ የራሷን ሲንቄ ይዛ መውጣት አለባት። ወጡ። ላሞቹ ሳይታለቡ፣ ጥጆቹ እየጮሁ፣ እሳቱ እየጠፋ፣ ሴቶቹ ምንጩን ከበው ተቀመጡ፤ ሲንቄያቸውን ፊታቸው ተከሉ።

«ሽማግሌዎቹስ?» አልኳት።

«መጡ እንጂ! ልጅ ሲያለቅስ ማባበል አይችሉ፣ ላም ማለብ አይችሉ፤ ሆዳቸው ሲጮህ መጡ። ‘በአላህ ወደ ቤት ግቡ’ አሉ። ሴቶቹ ‘እኛን አትለምኑ፣ የተመታችውን ለምኑ’ አሏቸው። ያስታረቀው የማን ልመና ነው? እስኪ አንቺ ንገሪኝ።»

እጄን ያዘችኝ። «የልጅ ልጆቼ እዚህ ታች ትምህርት ቤት ይማራሉ። መጽሐፉ ሲመጣ ‘ሽማግሌዎች አስታረቁ’ ብለው ያነባሉ። ያን ጊዜ እናቴ ምን ትሆናለች? ተመትታ ያለቀሰች ሴት። ተነስታ እንደወጣች፣ አገር እንዳስነሳች እኔ እስካለሁ እኔ እነግራቸዋለሁ። እኔ ከሞትኩ ሰው የሚያምነው መጽሐፉን ነው። ስለዚህ እናቴን ተቀምጣ ሳያት። ቀጥ ብላ።»

ወላሂ አልኳት። እኔ እንዲሁ ወላሂ የምል ሰው አይደለሁም።

መምህሩ ስነግረው አልተከራከረኝም። የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ጻፈ። እኔም ሳልኩ። ሴቶቹን በክብ፣ ሲንቄዎቹን እንደ አጥር፣ መሀል ላይ እናትየዋን ቀነፋዋን እንዳሰረች፣ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አድርጋ። ፊቷን አላውቀውም፤ የልጇን ፊት አይቼ ወጣት አደረግኩት። አንድም ወንድ አላስገባሁም። የመታትን ሰው ለመሳል እርሳስ መቅረጽ አልፈለግኩም።

ከወራት በኋላ መምህሩ የመጽሐፉን ናሙና ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፣ ግባ ብለው አልገባም።

«እማማ፣ እኔ የለሁበትም» አለ ገና ሳልጠይቀው።

ገለጥኩት። የኦጎልቾ ድንጋይ ተቃንቷል! በኮምፒውተር ቀጥ አድርገውት፣ ጉድጓዱን ሣር አልብሰውታል። የኢተያው ኦዳ ሥሩ ተሸፍኖ ሜዳው አረንጓዴ ሆኗል። የምንጩ ገጽ ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅኩ፣ ጠረግኩ፣ እንደገና አደረግኩ። ምንጩ የእኔ ነው። ተራራው የእኔ ነው። ሴቶቹ ግን የሉም። በእነሱ ቦታ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ከላያቸው ደግሞ ከኢተያ የተሰረቀ ዛፍ! እናትየዋ ከዳር እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ሕፃኗም የለችም። ከሁሉ የባሰው፣ ያወጣቸው ሰው አንዷን ሲንቄ ማጥፋት ረስቶ፣ ወይ አምራው፣ ከመሀለኛው ሽማግሌ እጅ ጋር ገጥሟታል። የሴት ሲንቄ ወንድ ይዞ!

ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳልቀይር መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው ወጣት ነው፣ የአሰላ ልጅ። ወንበር አቀረበልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«እናቴ፣ ይረጋጉ። መጽሐፉ የልጆች ነው። ያ ሁሉ ሴት ዱላ ይዞ መሰብሰቡ ሁከት ይመስላል። እኛ ማሳየት የፈለግነው እርቅን ነው።»

«እርቁን ማን አመጣው?»

«ዞሮ ዞሮ ታርቀዋል አይደል?»

«ዞሮ ዞሮ! የሰው ድካም የሚሰረቀው በዚህ ቃል ነው። እናትህ ሲንቄ የላትም?»

«አላት።» ትንሽ አሰበ። «ቁም ሳጥን ላይ ነው።»

«ወርዶ ያየኸው ቀን ትደነግጣለህ» ብዬው ወጣሁ።

በነጋታው ከቤት ቤት ዞርኩ። ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ የአሮጊቷን ነገር በአጭሩ ነግሬ የሽማግሌውን እጅ አሳየኋቸው። ገበያ ቅቤ የምትሸጠው ጎረቤቴ ገና ስታየው ቅቤዋን ከደነችና ተነሳች። ከሌላ አገር ተመድባ መጥታ እዚሁ ጡረታ የወጣች ነርስ ጎረቤት አለችን፤ እሷ ጓሮዋ ድረስ ገብታ ወጣችና፣ «እኔ ሲንቄ የለኝም፤ ዣንጥላ ይሆናል?» አለች። «ይሆናል፣ ነይ» አልናት።

የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ በሩ ላይ አቆመን። «አኮ፣ ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ይህ ዱላ ነው?» አልኩት ሲንቄዬን ከፍ አድርጌ።

ዓይኑን ከእኔ ወደ ኋላዬ ወዳሉት ሴቶች አዞረ። «አይ፣ ዱላስ አይደለም።»

ኃላፊው ከፎቅ መስኮት ብቅ አለ። «ምንድን ነው እሱ? ዱላዎቹን ሰብስብና እዚያው አስቀምጥ!»

ጥበቃው ቀና ብሎ አየው። «ጌታዬ፣ ይውረዱና እርስዎ ይሰብስቡ። እኔ እናት አለችኝ።»

ገባን። ከዋናው በር ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተቀመጥን፤ ሲንቄዎቹን ተከልን፣ ከመሀል የነርሷ ጥላ። ሠራተኞቹ እየመጡ ያዩናል፣ ከዚያ በጓሮ በኩል ይዞራሉ። አንድም ሰው በመሀላችን አላለፈም፣ ከሌላ አገር የመጡትም ሳይቀሩ፤ ሲንቄ በተተከለበት መሀል እንደማይታለፍ ጥበቃው ለእያንዳንዱ በጆሮው ይነግር ነበር። ቀትር ሲሆን ኃላፊው ለስላሳ በሳጥን አስይዞ ወረደ።

«እናቶቼ፣ ይቅርታ። ሥዕሉ እንደነበረ ይመለሳል። አሁን እሱን ጠጡና ወደየቤታችሁ።»

ማንም ጠርሙሱን አልነካም። እኔ ተነሳሁ። በሆዴ ያለውን ሁሉ ልነግረው ነበር፤ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ስድስተኛ ክፍልም ጭምር። ቅቤ ሻጯ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«ቁጭ በይ። የተመታችው አንቺ ነሽ?»

«ሥዕሉ የእኔ ነው!»

«ሥዕሉ ያንቺ ነው። እናትየዋስ ያንቺ ናት?»

ተቀመጥኩ። ከኃላፊው ይልቅ በእሷ ተናደድኩ፣ ልክ ስለነበረች። እሷም ወደ ኃላፊው ዞራ፣ «ልጄ፣ እኛን አትለምን። ከሮቤ በላይ የናቷን ሥዕል ያጠፋህባት ሴት አለች። ሄደህ እሷን ለምን። እሷ በቃኝ ካለች እኛም እንነሳለን» አለችው።

«ሥራ አለብኝ እኮ።»

«እኛም ሥራ አለብን። ይኸው ተቀምጠናል።»

በማግሥቱ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሄድን። እሱ ከፊት፣ እኔ፣ መምህሩና ቅቤ ሻጯ ከኋላ። መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ እናቱ ነበረች። መኪና ውስጥ ድምፁ ለሁላችን ይሰማል።

«ሴቶች ግቢህ ተቀምጠውብሃል የሚባለው እውነት ነው?»

«እማዬ፣ እየሄድኩ ነው፣ ላስተካክል...»

«ከቁም ሳጥኑ ላይ ላውርደው ወይስ አስተካክለህ ትመጣለህ?»

መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞሮ ሳቁን ዋጠ። እኔ አልሳቅኩም። መቼ አለቀና።

የጋሪው መንገድ ላይ መኪናው ጭቃ ያዘውና በእግር ወጣን። ያ ሁሉ የታሪክ መጽሐፍ በእጁ ያለፈ ሰው፣ ከታሪኮቹ ቦታዎች አንዱን እንኳ ረግጦ እንደማያውቅ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ «ገና ነው?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ካፊያ ጀምሯል። አሮጊቷ እንደ ድሮው በሯ ላይ፣ ከክዳኑ ሥር ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ኃላፊው ቅቤ ሻጯ እንዳስተማረችው እርጥብ ሣር ነቅሎ፣ በሁለት እጁ ይዞ ፊቷ ቆመ።

«እናቴ፣ አጥፍቻለሁ። የእናትዎን ሥዕል ያስቀየርኩት እኔ ነኝ።»

«መጀመሪያ ሥዕሉን ልይ» አለች።

መምህሩ ሁለቱንም ከፕላስቲክ አወጣላት። የተቀየረውን አየች። «እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም» ብላ መለሰችለት። የእኔን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ጣቷ በሴቶቹ ላይ በየተራ ሄደና እናቷ ላይ ቆመ።

«ቀጥ ብላለች» አለች።

ከዚያ ጣቷ እንደገና ዞረ። ዳሩን ሁሉ አየች፣ ወረቀቱን ገለበጠች፣ ጀርባውንም አየች።

«አባቴ የታለ?»

«ማን?» አልኩ።

«አባቴ። ለምኗታል እኮ። ሣር ይዞ ፊቷ ቆሞ ለምኗታል። ጊደር አርዷል። እሱን ካወጣሽው ሴቶቹ ምን አግኝተው ወደ ቤት ገቡ? ፀሐይ ሲሞቁ ውለው ነው?»

«የመታትን ሰው ልስልልሽ?»

«የለመናትን ሰው ሳይልኝ።»

ተከራከርኳት። እንደዚያ ያለ ሰው ቦታው ከሥዕሉ ውጭ ነው፣ ራሱ ነው ራሱን ያወጣው አልኳት። እንኳን አራስ የመታ፣ ስንቱ ምንም ያልበደለ ከሥዕል ወጥቶ የለም ወይ አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ከሥዕል ሰው ማውጣት ክፉ ነው እያልሽ አይደል ይህን ሁሉ አገር ያስነሳሽው?»

ኃላፊው ሳል እንደመጣበት ሰው አፉን ያዘ። ዞሬ አየሁት፤ አቆመ።

«እሱን ሳታስገቢ ለዚህ ልጅ በቃኝ አልለውም» አለች አሮጊቷ። «ሴቶቻችሁም ከግቢው አይነሱም።»

እስከ ዛሬ በነገሩ አልተስማማሁም። ይህን ስጽፍም አልተስማማሁም። ግን ሥዕሉ የእኔ ነው፤ እናትም አባትም የእሷ ናቸው። እርሳሴን አወጣሁ።

«አንተ» አልኩት ኃላፊውን፣ «ዙር። ጀርባህን ስጠኝ።»

«እኔን?»

«ሣሩን እንደያዝክ ወደ እሷ ዙር። ትከሻህን ዝቅ አድርግ። የሚለምን ሰው እንዲያ ደረቱን አይነፋም።»

ካፊያው እየወረደበት ቆመ። እኔ ከክዳኑ ሥር ሆኜ ሳልኩት። ቅቤ ሻጯ በመሀል «እጅህ ወርዷል፣ አንሳ» ትለው ነበር። አልቸኮልኩም። ስጨርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ እሱንም ሳልኩት። ፊቱን አልሳልኩም፤ አባትየውን በፊት ለፊት ለማየት ልቤ እምቢ አለኝ።

አሮጊቷ አየችው። «አባቴ ትከሻው ትንሽ ሰፋ ይል ነበር።»

አሰፋሁት።

«አሁን ነው» አለች። ከኃላፊው እጅ ሣሩን ተቀበለችውና ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። «በቃኝ። ሂዱ፣ ሳይጨልም ውረዱ።»

መጽሐፉ ወጥቷል። በምንጩ ገጽ ላይ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ እናትየዋ ቀጥ ብላለች፣ ፊቷ አንድ ሸሚዙ የራሰ ሰው ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ሣር ይዞ ቆሟል። ጽሑፉንም መምህሩ እንደጻፈው አድርገውታል። የአሮጊቷ የልጅ ልጆች ጮክ ብለው እንዳነበቡላት፣ እሷም መሀል ላይ እያስቆመች እንዳረመቻቸው መምህሩ ነግሮኛል። ኃላፊው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ የሚያልፈው ግን ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ፣ ትንሽ ወደ ኋላ እየሄደ ነው፤ ጀርባውን አይሰጠኝም።

የኦጎልቾው ድንጋይ ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ አሥር ገጽ አለፍ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሄዳችሁ ብታዩት ዘንበል ብሏል። እናት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ በቃኝ የሚልለት ሰው የለውም። አህያዋ ብቻ እንዳለች ቀርታለች፣ ከነተቆረጠው ጆሮዋ፤ እሷን ማስተካከል ማን እንደረሳ አላውቅም።